ስምን ከመልክ ጋር አጥንቶ ለመያዝ በእርግጥ የሚረዳው ዘዴ የትኛው ነው?

ጠመኔ፦

ጤና ይስጥልኝ። በመስከረም ወር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂን በአምስት ሴክሽን ስለማስተምርና በየሴክሽኑም ከ60 የማያንሱ ተማሪዎች እንደሚመደቡ ስለተነገረኝ፣ ከ300 በላይ የሚሆኑ ልጆችን ስምና መልክ በአጭር ጊዜ እንዴት ልይዝ እንደምችል ማሰብ ጀምሬአለሁ። ተማሪን በስሙ መጥራት ለእኔ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። «አንተ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለኸው» ተብሎ የሚጠራ ልጅ መምህሩ እንደማያውቀው ይረዳል፤ እንደማይታወቅ የተረዳ ልጅ ደግሞ እጁን አውጥቶ ለመጠየቅም ሆነ ለመመለስ ያለው ፍላጎት ይቀንሳል። በየዓመቱ የረባሾቹና የጎበዞቹ ስም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲታወቅ፣ ከኋላ ዝም ብለው የሚቀመጡት ልጆች ስም ግን መጨረሻ ላይ መያዙ በጣም ቅር ያሰኘኛል።

በየቦታው የሚሰጡት ምክሮች የተለያዩ ናቸው። አንዱ ስሙን ወደ ሥዕል ለውጠሽ ከፊቱ ጋር አያይዢው ይላል፤ ሌላው ደጋግመሽ ጥሪው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ጽፈሽ አጥኚው ይላል። ከመካከላቸው በሥራ ላይ ተፈትኖ የጸናው የትኛው እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ፣ ፊትን ማስታወስና ስምን ማስታወስ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ የሚለውንም ብታብራሩልኝ በጣም እጠቀማለሁ።

የሥነ ልቦና መምህር፦

መምህርት፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ ቁልፍ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ፊትን መለየትና ስምን አውጥቶ መጥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፊት ስናይ የሚጠበቅብን «ይህን ሰው አውቀዋለሁ ወይስ አላውቀውም» ብሎ መወሰን ብቻ ሲሆን የምንወስንበትም ነገር ከፊታችን ቆሟል። ስሙ ግን ፊቱ ላይ ስላልተጻፈ ከውስጣችን ፈልገን ማውጣት አለብን። በ1985 እ.ኤ.አ. አንድሩ ያንግና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር 22 ሰዎች ሰውን ለማወቅ ሲቸገሩ ያጋጠማቸውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር። ከተሰበሰቡት አንድ ሺህ ያህል አጋጣሚዎች ውስጥ ስለ ሰውዬው ሥራና የት እንደሚተዋወቁ ሁሉ እያስታወሱ ስሙ ብቻ የጠፋባቸው ብዙ ሲሆኑ፣ በተቃራኒው ስሙን አስታውሰው ማን እንደሆነ ያላወቁበት አጋጣሚ ግን አንድም አልተገኘም። ስም የሚመጣው በመጨረሻ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህም በቀላሉ የሚቀረው እርሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1987 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ለቤተሰብ ስምም ለሙያ መጠሪያም የሚያገለግሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ተመርጠው ለተሳታፊዎች ከማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ ጋር ቀረቡ። ያው አንድ ቃል «ይህ ሰው ዳቦ ጋጋሪ ነው» ተብሎ ሲነገራቸው በቀላሉ ይዘውት፣ «የዚህ ሰው ስም ይህ ነው» ተብሎ ሲነገራቸው ግን ይጠፋባቸው ነበር። ሙያ ሲነገረን ምድጃው፣ ዱቄቱና ማለዳ መነሳቱ አብረው ስለሚመጡ ቃሉን ለማግኘት ብዙ መንገድ ይኖረናል። ስም ግን ከሰውዬው ውጭ የሚያያዝበት ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዘዴው ልለፍ። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ስሙን ከሰሙ በኋላ ሳያዩና ሳይነገርዎ ራስዎን ጠይቀው ማውጣት፣ ይህንንም በየጊዜው ክፍተቱን እያሰፉ መድገም ነው። ቶማስ ላንዳወርና ሮበርት ብዮርክ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ስምን ከሰሙ በኋላ ቶሎ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቆይቶ፣ ከዚያም የበለጠ ቆይቶ ለማስታወስ መሞከር በእኩል ክፍተት ከመደጋገም የተሻለ ውጤት ሰጥቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዝርዝሩን አሥር ጊዜ ማንበብና ዝርዝሩን ሸፍኖ ለማስታወስ አሥር ጊዜ መሞከር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚያውቁት የሚመስል ስሜት ይሰጣል፤ የሚያሳውቀው ግን ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ቀንም ይጠንቀቁ። ማልኮልም ብሬነር በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ክብ ሠርተው ተራ በተራ ቃል የሚያነብቡ ሰዎች የራሳቸው ተራ ከመድረሱ በፊት የተነበበውን በደንብ እንደማያስታውሱ ታይቷል። የየራሳቸውን ንግግር እያዘጋጁ ስለሆነ አይሰሙም። 60 ተማሪዎችን እያስነሡ በአንድ ትንፋሽ ስማቸውን እንዲናገሩ ማድረግ ለእርስዎም ለልጆቹም የሚተወው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ከአምስትና ከስድስት የማይበልጡትን ከሰሙ በኋላ ቆም ብለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ራስዎ መልሰው ይጥሯቸው፤ ከዚያ ወደሚቀጥሉት ይለፉ።

የእድር ጸሐፊ፦

የመምህሩ ማብራሪያ በሰፈራችን የማየውን ነገር ግልጽ አድርጎልኛል። እኛ ስንተዋወቅ ስሙ የሚነገረው ከሰላምታው መካከል ነው። እጅ እየተጨባበጥን፣ ትከሻ ለትከሻ እየተነካካን፣ «እንደምን ሰነበቱ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» እየተባባልን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ስለምንናገር ስሙ ጭራሽ ጆሯችን አይገባም። እኔ በእድራችን አዲስ አባል ሲመዘገብ የማደርገው ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ከተቀመጥን በኋላ «ስምዎን ከነአባትዎ እንደገና ቢነግሩኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ የተቀየመ ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም ሰው ስሙ በጥንቃቄ ሲያዝለት ደስ ይለዋል።

ሌላም እንቅፋት አለብን። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እማማ»፣ «ወንድሜ»፣ «የኔ ልጅ» የሚሉት መጠሪያዎቻችን ፍቅርም አክብሮትም ያለባቸው ናቸውና እንዲቀሩ ፈጽሞ አልመኝም፤ ነገር ግን ስም ሳንጠራ ዓመታት እንድንኖር ያደርጉናል። ስሙን አውጥተን የምንጠራበት አጋጣሚ ከሌለ መምህሩ እንዳሉት ልምምዱ የለም ማለት ነው። በተለይ እናቶች ላይ ያለው ነገር ያሳዝነኛል። በበኩር ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩ ሴት፣ ሙሉ ስማቸው በሰፈሩ ሰው ሁሉ ጆሮ የሚገባው ጥሩምባ ነፊው የሞታቸውን መርዶ ይዞ ሲዞር የሆነባቸው ጊዜያት አሉ። እኔ አሁን «እትዬ» ካልኩ በኋላ ስማቸውን እጨምራለሁ። አክብሮቱ አይጎድልም፤ ስሙም በአፌ ላይ ይኖራል።

ለማስታወስ የሚረዳኝ ሌላው ነገር የአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው» ብሎ መጠየቅ። የትውልድ ቦታውንና ዘመዱን ሳውቅ ሰውዬው በአእምሮዬ ቦታ ይይዛል። መምህርት ለተማሪዎችዎም ይህን ቢያደርጉ ይጠቅማል እላለሁ።

ነጭ ጋውን፦

እኔ ነርስ ነኝ። በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ስሠራ የሕመምተኛ ስም ማወቅ ከአክብሮት በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ካርዱን አይተን፣ ስሙን ራሱ ታካሚው እንዲነግረን ጠይቀን እናረጋግጣለን፤ በማስታወስ ብቻ መድኃኒት አይሰጥም። ከዚያ ውጭ ባለው ግንኙነት ግን የሥዕሉ ዘዴ ለእኔ በደንብ ሠርቶልኛል። የእኛ ስሞች አብዛኞቹ ትርጉም ያላቸው መሆናቸው ደግሞ ሥራውን ያቀልልናል። ፀሐይ፣ ወርቅነሽ፣ አንበሳው፣ ደመቀ የሚሉትን ስሞች ወደ ሥዕል ለመለወጥ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ወርቅነሽ የተባሉት እናት ጎላ ያለ ጉንጭ ካላቸው፣ ጉንጫቸው ላይ የወርቅ ብርሃን ሲያርፍ አስባለሁ፤ በማግስቱ ጉንጫቸውን ሳይ ስማቸው ይመጣል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሥዕሉን በሰው ጠባሳ፣ በጥርሱ መጉደል ወይም በሰውነቱ ጉዳት ላይ አታስሩት። በአእምሮ የተያዘ ነገር አንድ ቀን በአፍ ይወጣል፤ ካልወጣም ዓይናችን ሁልጊዜ ወደዚያ ቦታ ስለሚሄድ ሰውዬው ያስተውላል። በተለይ ልጆች ይህን ለመረዳት በጣም ፈጣኖች ናቸው። ስለ መልካቸው በማስታወሻ የሚጻፍ ነገርም ተማሪው ራሱ ቢያነብበው የማያሳፍረው መሆን አለበት።

የሥነ ልቦና መምህር፦

የእድር ጸሐፊውና ነርሷ የነገሩን ሁሉ ጠቃሚ ሲሆን ሁለት ማስተካከያዎችን ማቅረብ እወዳለሁ።

ስለ ሰው ብዙ ማወቅ ሰውዬውን ያስታውሰናል፣ ስሙን ግን የግድ አያመጣልንም፤ የ1985ቱ ጥናት የሚነግረን ይህንኑ ነው። «የእንጅባራው ልጅ፣ እናቱ መምህርት የሆነችው» ብለን ሁሉን እያወቅን ስሙ ላይ ልንቆም እንችላለን። ስለዚህ «አገርህ የት ነው» የሚለው ጥያቄ የሚጠቅመው መልሱን ከስሙ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ስናደርገው ነው፤ «ታዲያ ደረጀ፣ እንጅባራ ነው የተወለድከው?» ስንል ስሙን አንድ ጊዜ አውጥተን ጠራነው ማለት ነው።

የሥዕሉን ዘዴ በተመለከተ የጥናቱ ታሪክ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ፒተር ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ ሲፈትኑት፣ ስምን ወደ ሥዕል ለውጦ ከፊት ጋር ማያያዝ የሚታወሱትን ስሞች በእጅጉ እንደሚጨምር አገኙ። ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራቸው፣ እነዚሁ ሞሪስ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ዘዴውን ከቤተ ሙከራ አውጥተው ሰዎች በሚተዋወቁበት እውነተኛ ግብዣ ላይ ሞከሩት። በግብዣው ላይ ክፍተቱን እያሰፉ ስሙን ከአእምሯቸው ያወጡት ሰዎች ከሌሎቹ በልጠው ሲገኙ፣ በሥዕሉ ዘዴ እንዲጠቀሙ የተነገራቸው ግን ምንም ዘዴ ካልተነገራቸው አልተሻሉም። እኔ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ፣ ፈገግ እያሉ፣ የሚሉትን እያሰቡ ሥዕል መፍጠር አይቻልም። ነርሷ የምትሠራው ታካሚው አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ካርዱ በእጇ ሆኖ፣ ጊዜ ኖሯት ነው። መምህርት ጠመኔ በክፍል ውስጥ እያስተማሩ ይህን ማድረግ ይከብዳቸዋል፤ ማታ የስም ዝርዝሩን ይዘው አልይዝ ላሏቸው ጥቂት ስሞች ቢጠቀሙበት ግን ጥሩ ነው።

ቃል ተማሪ፦

በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ሥዕል መሥራት የሚባለውን አናውቅም ነበር፤ ነገር ግን ዳዊትን ከመጀመሪያው እስከ 150ኛው መዝሙር በቃል የሚይዝ ልጅ በአገራችን ብርቅ አልነበረም። የኔታ መጽሐፉን አስይዘው «አንብብ» ብቻ አይሉንም፤ ትናንት የተቀበልነውን ዛሬ ሳናይ እንድንወጣው ያደርጉናል፤ ስንሳሳት እዚያው ላይ ያርሙናል፤ ያለፈውንም ሳምንት መልሰው ይጠይቁናል። መምህሩ «ክፍተቱን እያሰፉ ማውጣት» ያሉትን ሳነብብ ያሰብኩት ይህንን ነው።

ከዚህ ልምድ የምጨምረው እርማት ቶሎ መምጣት እንዳለበት ነው። ስምን በስህተት ጠርቶ ሳይታረም ያለፈ ሰው፣ ስህተቱን ይበልጥ እያጠና ይሄዳል። መምህርት፣ ለተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን «ስማችሁን ስስት ወዲያው አርሙኝ፣ ይህ ነውር አይደለም» ብለው ቢነግሯቸው፣ ልጆቹ በአክብሮት ምክንያት ዝም ብለው በተሳሳተ ስም «አቤት» ማለታቸውን ይተዋሉ። የአገራችን ልጆች ይህን በጣም ያደርጋሉ።

ጠመኔ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ስሙ መንገዱ እየታየኝ ነው፤ ፊቱ ግን ገና አልጠራልኝም። ተማሪዎቹ ሁሉ ዩኒፎርም ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ፀጉራቸውን በአጭሩ እንዲቆረጡ ይገደዳሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ አንድ ሰሞን ሹሩባ ተሠርተው፣ ሌላ ሰሞን ፈትተው ስለሚመጡ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ተማሪ የገባች ይመስለኛል። የእያንዳንዱ ተማሪ ጉርድ ፎቶ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ስለሚገኝ ከሬጅስትራር ጠይቄ በእርሱ ላጥና ብዬ አስቤያለሁ። ይህ በቂ ነው?

ከቨርጂኒያ፦

እኔ የምኖረው በአሜሪካ ሲሆን የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ስገባ ነጮቹ አዛውንቶች ሁሉ አንድ ይመስሉኝ ነበር፤ ሁሉም ነጭ ፀጉር፣ ሁሉም መነጽር። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የሰው ልጅ ሁሉ ነገር ነው፤ ሮይ ማልፓስና ጀሮም ክራቪትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 እ.ኤ.አ. ሰው የራሱን ዘር ፊቶች ከሌላው ይልቅ በተሻለ እንደሚለይ ካሳዩ ወዲህ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ተረጋግጧል። ምክንያቱ ያደግንበት ማኅበረሰብ ፊቶች የሚለያዩበትን ነገር እያየን መኖራችን ነው። እኛ አገር የፀጉር ቀለም ሰውን ከሰው ስለማይለይ ልብ አንለውም፤ የምናየው የግንባሩን ስፋት፣ የአፍንጫውን ቅርጽ፣ የዓይኑን አቀማመጥ ነው። እዚህ ያሉት ባልደረቦቼ ደግሞ በተቃራኒው የእኛን ሰዎች ለመለየት ይቸገራሉ፤ እኔንና ሌላ ኢትዮጵያዊት ባልደረባዬን በፍጹም ሳንመሳሰል በየጊዜው ያለዋውጡናል። የረዳኝ ነገር ሰውዬውን ሳወራው ዓይኑንና አፉን ማየት፣ ድምፁንም አብሮ መያዝ ነበር።

በነገራችን ላይ በውጭ የምንኖር ሰዎች ስማችንን ስንናገር መቸኮላችን ይቆጨኛል። «ከበደኝ» ሲሉን ወዲያው ሁለት ፊደል ያለው ምኅጻር እንሰጣቸዋለን። ስሙን በዝግታ ከፋፍሎ መናገርና አንድ ጊዜ ራሳቸው እንዲሉት መጠበቅ፣ ለእነርሱም የመጀመሪያው የማውጣት ልምምድ ስለሚሆን ስማችን በሙሉው የመታወስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

የሥነ ልቦና መምህር፦

የቨርጂኒያው አባል የነገሩን ከፊት ጥናት ጋር ይገጥማል። ለማናውቃቸው ፊቶች ከውጭ ባለው ነገር፣ ማለትም በፀጉርና በፊት ዙሪያ ቅርጽ ላይ እንመካለን፤ ለምናውቃቸው ግን በውስጠኛው፣ በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ አካባቢ ላይ። የምናውቃቸውን ፊቶች በውስጠኛው ክፍል በተሻለ መለየታችን በ1979 እ.ኤ.አ. በሃደን ኤሊስና በባልደረቦቹ ጥናት የታየ ነው። ሹሩባዋን የፈታችው ተማሪ አዲስ የምትመስልዎ ስለዚህ ነው፤ እስካሁን የያዙት ሹሩባውን እንጂ ፊቷን አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆን ብለው ፀጉሩን፣ መነጽሩን፣ ሹራቡንና ሻሹን ትተው ከቅንድብ እስከ አገጭ ያለውን ይመልከቱ።

ጉርድ ፎቶው ለመነሻ ይጠቅማል፤ በቂ ግን አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሮብ ጀንኪንስና ባልደረቦቹ ለእንግሊዛውያን ተሳታፊዎች የሁለት ኔዘርላንዳውያን ታዋቂ ሴቶችን 40 ፎቶዎች ቀላቅለው ሰጧቸውና በየሰዉ እንዲለዩ ጠየቋቸው። ሴቶቹን የማያውቁት ተሳታፊዎች ፎቶዎቹን የሰባት፣ የስምንት ሰዎች አድርገው ከፋፈሏቸው፤ የሚያውቋቸው የኔዘርላንድ ሰዎች ግን ያለ ችግር ሁለት መሆናቸውን ለዩ። አንድ ፎቶ አንድ ፊት አይደለም። ሰውን የምናውቀው ሲስቅ፣ ሲያዝን፣ ከጎኑ፣ በጥላና በብርሃን ደጋግመን ስናየው ነው። እርስዎም ልጆቹን በሰልፍ ላይ፣ በቤተ ሙከራ፣ በእረፍት ሰዓት በሜዳው ላይ ይዩአቸው።

ማታ ፎቶዎቹን ስሙን ሸፍነው ካጠኑ በኋላ መተኛትም ጥሩ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በቦስተን የተሠራ አንድ ጥናት፣ 20 ፊቶችን ከነስማቸው ያዩ ሰዎች በመካከሉ የስምንት ሰዓት የእንቅልፍ ዕድል ሲያገኙ ፊትና ስሙን ይበልጥ በትክክል ማዛመዳቸውን አሳይቷል።

መልክ የማይለይ፦

ይህን ሁሉ ምክር የሚያነብቡ አንዳንድ ሰዎች «ሁሉንም ሞክሬአለሁ፣ አልሆነልኝም» ብለው ራሳቸውን እንዳይወቅሱ መጻፍ ፈለግሁ። ፊትን የመለየት ችሎታቸው ከተፈጥሮ ወይም ከአእምሮ ጉዳት የተነሣ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች አሉ፤ ችግሩንም ዮአኪም ቦዳመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1947 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥቶ ገልጾታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ወንድሜን ገበያ መካከል ባልጠበቅኩት ቦታ ባገኘው ድምፁን እስክሰማ አላውቀውም። ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ ስም የማስታወስ ችግርም የለብኝም። በአገራችን «አየኸኝና ዘጋኸኝ» የሚለው ወቀሳ ከባድ ስለሆነ፣ የቅርብ ሰዎቼን ሁሉ ቀድሜ ነግሬ «ስታገኙኝ ስማችሁን ንገሩኝ» ብያቸዋለሁ። በአረማመድ፣ በድምፅ፣ በአነጋገር እለያለሁ። መምህርት፣ ከ300 ተማሪዎች መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ሊኖር ይችላልና አንድ ተማሪ የክፍል ጓደኞቹን ዓመቱን ሙሉ ሲያምታታ ቢያዩ ትኩረት የጎደለው አድርገው አይውሰዱት።

ጡረተኛው፦

ልጄ ጠመኔ፣ ለብዙ ዓመታት መምህርና ርእሰ መምህር ሆኜ ስለሠራሁ ከልምዴ ላካፍልሽ። ከሁሉ በፊት የአቀማመጥ ሰንጠረዥ አዘጋጂ። ዴስኮቹን በወረቀት ሣይና በየዴስኩ የተቀመጡትን ስም ጻፊ። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሲሞኒደስ፣ የግብዣ አዳራሽ ተደርምሶ በውስጡ የነበሩት ሰዎች መልካቸው እስከማይታወቅ ድረስ በሞቱ ጊዜ፣ ማን የት ተቀምጦ እንደነበረ በማስታወስ እያንዳንዱን ለቤተሰቡ ለየ ተብሎ ይተረካል። ቦታ ስምን ይይዛል። ነገር ግን ቦታው ከፊቱ በላይ እንዳይይዝሽ ተጠንቀቂ። ልጁን ከዴስኩ ስታነሽው ስሙ ከጠፋብሽ ያወቅሽው ዴስኩን ነው። ስለዚህ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ልጆቹን አቀያይሪ፤ ወይም በጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፉ ፊት ቆመሽ ስማቸውን በልብሽ ጥሪ።

ደብተር መመለስን ለክፍል አለቃው አትስጪ። ያረምሽውን ደብተር ራስሽ ይዘሽ፣ ስሙን አንብበሽ፣ ሳትጠሪ ልጁን በዓይንሽ ፈልገሽ በእጁ ስጪው። ካጣሽው ጥሪው፤ ሲመጣ ፊቱን ተመልከቺ። መምህሩ ያሉት ልምምድ በየሳምንቱ ያለ ተጨማሪ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ነው። የስም ጥሪውንም ሁልጊዜ ከሀ አትጀምሪ፤ ፊደል ተራውን ስትከተይ ጆሮሽ ዜማውን ይለምደዋል እንጂ ሰዎቹን አያውቅም።

ለሥነ ልቦና መምህሩ ደግሞ የራሴ ጥያቄ አለኝ። ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። የድሮ ተማሪ መንገድ ላይ ያገኘኝና «እስቲ ማን ነኝ?» ይለኛል። የት እንዳስተማርኩት፣ የት ይቀመጥ እንደነበረ ሁሉ ይመጣልኛል፤ ስሙ ግን ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ይቀራል። ይህ የሕመም መጀመሪያ ነው?

የሥነ ልቦና መምህር፦

አባቴ፣ የገለጹት ነገር በዕድሜ የሚመጣ የተለመደ ሁኔታ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ከምላስ ጫፍ ላይ የሚቀሩ ቃላት ይበዛሉ፤ ከእነዚህም ዋነኞቹ የሰው ስሞች እንደሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ማን እንደሆነና ከየት እንደሚያውቁት ማስታወስዎ መልካም ምልክት ነው። የሚያሳስበው የስም መጥፋት ሳይሆን፣ በቅርብ የሚያውቁት ሰው ማን እንደሆነ ራሱ ሲጠፋ፣ ወይም የታወቀ መንገድና የዕለት ሥራ መምታታት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪም ማማከር ይገባል። ስሙ ከምላስዎ ጫፍ ሲቀር የመጀመሪያውን ፊደል ብዙ ጊዜ ስለሚያውቁት፣ ከሀ እስከ ፐ በልብዎ ይሂዱ፤ ካልመጣም አያስጨንቁት፤ ከቆይታ በኋላ በራሱ ይመጣል። «እስቲ ማን ነኝ» የምንል ሰዎች ግን ብናስብበት ደስ ይለኛል። የድሮ መምህሩን ያገኘ ሰው መጀመሪያ ስሙን ቢናገር መምህሩ ቀሪውን ሁሉ በደስታ ያወጣለታል።

ጠመኔ፦

በጣም ረድታችሁኛል። ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ በየሴክሽኑ የአቀማመጥ ሰንጠረዥ አዘጋጃለሁ፤ በየክፍለ ጊዜው የአንድ ረድፍ ተማሪዎችን ብቻ በዝግታ አውቄ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ያለ ወረቀት እጠራቸዋለሁ፤ በማግስቱ እነርሱን ደግሜ ወደሚቀጥለው ረድፍ አልፋለሁ። የሥዕሉን ዘዴ እምቢ ላሉኝ ስሞች ብቻ እተወዋለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በአንድ ሴክሽን ውስጥ ሦስት ቤተልሔምና አራት ሳሙኤል ሲኖሩ፣ ከዚያም በላይ መንትዮች ሲገጥሙኝ ምን ላድርግ?

ጡረተኛው፦

ስማቸው አንድ የሆኑትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነአባታቸው ስም ያዢያቸው፤ «ቤተልሔም አንድ፣ ቤተልሔም ሁለት» ወይም «ትልቋ ቤተልሔም፣ ትንሿ ቤተልሔም» አትበያቸው፤ ልጆቹ ቅጽሉን ይወስዱትና ዓመቱን ሙሉ ይጠሩባታል። አንድ ላይም አታጥኛቸው። አንዷን በደንብ ከያዝሽ በኋላ ነው ሁለተኛዋን መጀመር ያለብሽ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ከጀመርሽ የአባቶቹ ስም ይለዋወጥብሻል።

መንትዮችን በተመለከተ፣ የሚቻል ከሆነ በተለያየ ሴክሽን እንዲመደቡ ከክፍል ኃላፊው ጋር ተነጋገሪ፤ ልጆቹና ወላጆቻቸው ካልፈለጉ ግን አታስገድጃቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ጎን ለጎን አቁመሽ ልዩነታቸውን በክፍሉ ፊት አትፈልጊ፤ ልጆቹ በዚህ ሰልችተዋል። ለብቻቸው ጠርተሽ «መምህሮቻችሁ እናንተን የሚለዩት በምንድን ነው?» ብትያቸው ራሳቸው ይነግሩሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ከዚያ የእጅ ጽሑፋቸውን ተመልከቺ። መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች ጽሑፋቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ አንዱ ለጥያቄ የሚቸኩል፣ ሌላው አስቦ የሚመልስ ሆኖም ታገኚዋለሽ። ሦስት፣ አራት ደብተር ካረምሽላቸው በኋላ በአመላለሳቸው ትለያቸዋለሽ።